የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምናን የሚያበላሹ፣ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ክብ ሠርተው ለአንድ ሰዓት ተኩል መቀመጣቸው ድባቴና ጭንቀት ለያዘው ሰው ምን ይፈይድለታል ብለው የሚጠይቁኝ የሥራ ባልደረቦች ዛሬም አሉ። ለእነርሱ ዘወትር የምጠቅሰው በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ የገጠር መንደሮች ተካሂዶ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ነው። ቡድኖቹን የመሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ ከ16 ሳምንታት በኋላ ሕክምናውን ካገኙት መካከል ከባድ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ድርሻ ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ሲወርድ፣ ባላገኙት ዘንድ ግን ከ94 በመቶ ወደ 55 በመቶ ገደማ ብቻ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዘዴውን ወደ ስምንት ክፍለ ጊዜ አሳጥሮ በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያ አድርጎ አውጥቶታል። እንግዲህ ክቡ ሲበላሽ የማየው፣ በአብዛኛው እኛ አወያዮች ወደምናውቀው ሌላ ነገር፣ ወደ ክፍል ትምህርት፣ ወደ ሽምግልና ወይም ወደ ማኅበር ስለምንለውጠው ነው።

ትምህርት ማድረጉ የጀማሪዎች ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ስለ ድባቴ መንስኤና ምልክቶች ነጭ ሰሌዳ ሞልቼ ስጽፍ፣ ተሳታፊዎቹ ደብተር አውጥተው በትሕትና ይገለብጡ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ሁሉም ምልክቶቹን በቃላቸው ይወጡ ነበር እንጂ አንዳቸው የሌላውን ስም አያውቁም ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስመርረኝ ግን ያለጊዜው የሚነገር «አይዞህ» ነው። አይዞህ መልካም ቃል መሆኑን አልክድም፤ ያለ እርሱ አድገን ለዚህ አንደርስም ነበር። ነገር ግን ሰው ሕመሙን መናገር እንደ ጀመረ «አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው፣ ከአንቺ የባሰ አለ» ሲባል፣ የሚሰማው ማጽናናቱ ሳይሆን «በቃሽ፣ ዝም በይ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ልጃቸውን በሞት ያጡ አንዲት እናት ቤታቸው ማልቀስ ተከልክለው ነበር፤ ዘመድ ሁሉ «እግዚአብሔርን አታሳዝኚ» ይላቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት በክቡ ውስጥ የልጃቸውን ስም ጠርተው መናገር ሲጀምሩ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አባት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ኢዮብን ጠቅሰው፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል አጽናኗቸው። እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት አልተናገሩም። ጥፋቱ የእኒያ አባት አልነበረም፤ ለልቅሶ ቤት የተማሩትን ነው ያደረጉት። ጥፋቱ ሽማግሌን ማቋረጥ ነውር መስሎኝ አፌን ይዤ የተቀመጥኩት የእኔ ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ «ጋሼ፣ ምክሩን ለጊዜው እናቆየውና፣ እርሳቸው ሲናገሩ እርስዎ ምን ተሰማዎት?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ይህን ጥያቄ በስምንተኛው ሳምንት ስጠይቃቸው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ብቻቸውን ከእርሳቸው ጋር እንደሚያወሩ ተናገሩ፤ እናትየዋም ቀና ብለው «እኔም እኮ» አሉ። የቡድን ሕክምና ጥቅም ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ከእነዚያ ሁለት ቃላት የተሻለ መልስ የለኝም፤ «ብቻዎን አይደሉም» ብዬ እኔ በግል ክትትል ብነግራቸው ኖሮ ለማጽናናት ያልኩት ይመስላቸው ነበር።

ሌላው ስህተት ተሳታፊውን አስቀድሞ ለብቻው ሳያነጋግሩ ወደ ክቡ ማስገባት ነው። ራሱን ለማጥፋት እያሰበ ያለ፣ በማኒያ (ከልክ ባለፈ የስሜት መነቃቃት) ከፍታ ላይ የሚገኝ ወይም ሌላ ሰው በማይሰማቸው ድምፆች የተዋከበ ሰው አስቀድሞ የግል ሕክምና ያስፈልገዋል። ይህ ግን ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ወይም ባይፖላር (ማኒያና ድባቴ የሚፈራረቁበት ሕመም) ያለበት ሰው ለቡድን አይሆንም ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ሲረጋጋ ለእርሱ የሚስማማ ቡድን ብዙ ሊረዳው ይችላል። ማን ከማን ጋር እንደሚተዋወቅ መጠየቅም አይረሳ። እኔ ባለመጠየቄ አንድ የዕቁብ ዳኛንና ዕጣውን በልቶ የጠፋ ዕቁብተኛን ፊት ለፊት አስቀምጬአቸው አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ቀሩ።

ምስጢርን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ቀን «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አወያዩ በሙያው ግዴታ የታሰረ ሲሆን ተሳታፊዎቹን የሚያስራቸው የገቡት ቃል ብቻ መሆኑ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ድንገት ቢገናኙ ሰላም ይባባሉ ወይስ እንዳልተዋወቀ ይተላለፉ? ይህም በክቡ ውስጥ ቢወሰን መልካም ነው። የቴሌግራም ቡድን መክፈትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ስልኩን የሚከፍተው ባል፣ እህት ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል።

በቡድኑ ተሻለኝ ብሎ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አደገኛ ነው። አንዱ «እኔ ጠበል ገብቼ ክኒኑን ተውኩት» ሲል ሦስት ሰዎች ሊከተሉት ይችላሉ። አወያዩ ጠበሉን ቢያጣጥል ደግሞ ሰውየውንም ቡድኑንም ያጣል፤ ጠበሉም መድኃኒቱም ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ ስለ ማቋረጥም ሐኪሙን መጠየቅ እንደሚገባ መናገር ይበቃል።

ዝምታን መፍራት ይቅር። አርፍዶ ለሚመጣ ሰውም ሰዓት አይራዘም።

ለተሳታፊዎች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ብዙዎች «የሰው ጭንቀት ተጋባብኝ» ብለው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ይቀራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ስሜት ይዞ መውጣት ያጋጥማል፤ ነገር ግን ከመቅረት ይልቅ ያንኑ ስሜት ተመልሶ በክቡ ውስጥ መናገር ይሻላል። በቃኝ ያለም ቢሆን መጥቶ ተሰናብቶ ይሂድ፤ ድንገት የቀረ ሰው ወንበር የቀሩትን «ምን ብለነው ይሆን?» እያሰኘ ብዙ ሳምንት ያስጨንቃቸዋል።

መሰናበቻውን በመጨረሻው ቀን ላይ ብቻ መጣልም እንዲሁ ስህተት ነው። እኔ ማብቂያው አራት ሳምንት ሲቀረው ጀምሬ አስታውሳለሁ፤ የመለያየት ቁስል ያለባቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ ይቆጣሉ፣ ያረፍዳሉ፣ ይቀራሉ፣ ይህም ራሱ መነጋገሪያ ይሆናል። ከዓመታት በፊት የአንድ ቡድን የመጨረሻ ቀን ድፎ ዳቦና ቡና ተዘጋጅቶ፣ ሁሉም ሲጎራረስና ሲመራረቅ ጊዜው አለቀና አንድም ሰው ስለ መለያየቱ ሳይናገር ተበተነ። አሁን ቡናው የሚፈላው አንድ ሰዓት ተኩሉ ካለቀ በኋላ ነው።