ኮዴይን ወይም ትራማዶል ከታዘዘልዎ እንዴት ይወስዱታል?

መድኃኒት መዋዋስ ልማዳችን ነው። «እኔን አሽሎኛል፣ ሞክሪው» እንባባላለን። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕና የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ግን የሚዋዋሱት ነገር አይደሉም። ሁለቱም ኦፒዮይድ ናቸው፤ የብርቱው ማስታገሻ የሞርፊን ዘመዶች።

ኮዴይን በራሱ ብዙም ጉልበት የለውም። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው። የመቀየሩ ፍጥነት ደግሞ በዘር ይወረሳል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን የሚያፋጥን የጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። ስዊድን ውስጥ ከ100 ሰው አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ስለዚህ ጎረቤትን ያሻለ መጠን እርስዎን ትንፋሽ ሊያሳጣዎ ይችላል። ትራማዶልም የሚያልፈው በዚሁ በር ነው።

1. ሐኪሙ ፊት ሳሉ ሁሉንም ይናገሩ። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ ለድባቴ ወይም ለእንቅልፍ የሚወስዱት ኪኒን፣ ሁሉንም። ለሚያጠቡ እናቶች ሁለቱም አይመከሩም፤ በወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋሉ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅም አይሰጡም። ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው ለሳሉ ማር ይሻለዋል፤ ቀልዴን አይደለም።

2. ሽሮፑን በወጥ ቤት ማንኪያ አይለኩ። የእኔ የሻይ ማንኪያና የእርስዎ እኩል አይደሉም። ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ። 5 ሚሊ ሊትር ከተባለ 5 ነው።

3. ሰዓቱን ይጠብቁ። አንዱ ካመለጠዎ ሁለት አድርገው አይውሰዱ። ኪኒኑ ኮዴይንና ፓራሲታሞል አብሮ የያዘ ከሆነ ሌላ ፓራሲታሞል አይደርቡበት፤ ለጤነኛ አዋቂ የፓራሲታሞል ጣሪያው በቀን 4 ግራም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል።

4. አልኮል የሚባል አይንኩ፤ ጠላም ጠጅም አረቄም። ዲያዚፓምና ሌሎች የሚያስተኙ መድኃኒቶችም ሐኪም ካላዘዘ አይደረቡም። ከኮዴይን ወይም ከትራማዶል ጋር ሲደረቡ ትንፋሽ ያዘገያሉ። መኪና መንዳትም ቢቀር ይሻላል።

5. ሆድ ድርቀት ይመጣል። ውኃና አትክልት ያብዙ፤ ካልረዳ ማለስለሻ ይጠይቁ።

6. ለሳምንታት ከወሰዱት በአንዴ አያቁሙ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል።

የወሰደው ሰው ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ጊዜ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «ኦፒዮይድ ወስዷል» ይበሉ፤ ማርከሻው ናሎክሶን ይባላል።

ወደ ገልፍ ለሚሄድ ሰው «ለእህቴ አድርስልኝ» ብለው ትራማዶል አያስይዙ። እዚያ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያሳስራል።

የተረፈውን ፋርማሲው ከተቀበለዎ ይመልሱ። ካልተቀበለ ከቡና አተላ ጋር ያደባልቁትና በፌስታል አስረው ይጣሉት፤ ልጅም ውሻም አይነካውም።