ቅጠሉን ከመቅጠፋችሁ በፊት መሬቱን እዩ

እናቴ ቅዳሜ ገበያ የደረቀ ቅጠል ትሸጣለች። ሽፈራው፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ ሲገኝ ደግሞ ዳማከሴ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ላብራቶሪ ተቀጥሬ የአፈርና የቅጠል ናሙና እመረምራለሁ። ማታ ማታ አንድ ገበታ ላይ እየበላን፣ ሥራችን አንድ መሆኑን ለዓመታት ልብ ሳንል ኖረናል።

አንድ ቀን ከሽፈራው ዱቄቷ ሁለት ማንኪያ ቋጥሬ ወደ ሥራ ሄድኩ። በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቃጠልኩት። ቅጠል እንዲህ ሲቃጠል ሌላው ሁሉ በኖ ይሄድና ማዕድኑ አመድ ሆኖ ይቀራል። አመዱ ላይ አሲድ ሲጨመርበት የቅጠሉ የራሱ ማዕድን፣ ካልሲየሙም ብረቱም፣ ይሟሟል። የእናቴ ግን ሟሙቶ አላለቀም። ዕቃውን ዘንበል ሳደርገው ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ አሸዋ ተንሸራተተ። በመስታወት ዘንግ ስነካው ኪርር አለ። አቧራ ነበር። ዛፉ የቆመው ባጃጅ ሲመላለስበት ከሚውል መንገድ ዳር ነው።

ማታ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ እንዴት ላድርግ ልጄ?» አለችኝ። ያኔ የነገርኳትን፣ ከዚያም ወዲህ አብረን የተማርነውን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ተክሉ የቆመበትን ቦታ እዩ። እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ፣ ሰውነትን የሚጎዱ ክፉ ማዕድናት ሁሉ መንገዳቸው አንድ አይደለም። እርሳስ በሥር በኩል ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአቧራ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥሩ እጥበት ይቀንሰዋል። ካድሚየም ግን ሌላ ነው። ጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል ሥሩ ዚንክ ሲፈልግ እሱንም አብሮ ይስበዋል። አንዴ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ ሰባት ጊዜ ብታጥቡት አይወጣም። ለእርሳሱ ውሃ አለ፤ ለካድሚየሙ ያለን መፍትሔ ቦታ መምረጥ ብቻ ነው።

እናም ከዋና መንገድ፣ ከጋራዥ፣ አሮጌ ባትሪ ከሚፈታበትና ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ራቁ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ላይ ጨርሶ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ አፈር ላይ ያረፈው ግን እዚያው አለ። ከግቢ ጀርባ፣ ከአጥር ውስጥ፣ ከመንገድ ራቅ ካለ ማሳ ቅጠፉ።

ለሐይቅ ዳር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ነቅሎ ኮምፖስት ማድረግ ተለምዷል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን እምቦጭ ውሃ ውስጥ ያለውን ካድሚየምና እርሳስ እየመጠጠ በሥሩ የሚያከማች ተክል ነው። ፍሳሽ ለማጣራት የሚሞከረውም ለዚህ ነው። ከከተማ ፍሳሽ መውጫ አጠገብ የተነቀለውን ለሽፈራውና ለጎመን አታድርጉት። ለአበባ ይሁን።

ወደ እጥበቱ እንምጣ። ቅጠሉን ከነዘንጉ ቁረጡ፣ ሳትሸመጥጡት እጠቡት። ቀድማችሁ ከቆራረጣችሁት ቫይታሚን ሲውና የሚሟሟው ማዕድን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሦስት ሳፋ ውሃ አዘጋጁ። በመጀመሪያው ዘንጉን ይዛችሁ አራግፉት፣ በሁለተኛው ድገሙት፣ በሦስተኛው አለቅልቁት። እናቴ መጀመሪያ ቀን የመጀመሪያውን ሳፋ አሳየችኝ። ውሃው የጠላ አተላ መስሏል። «ይኼን ነው ለሰው ሳጠጣ የኖርኩት?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳታጥብ አስጥታ አታውቅም።

ማድረቅ ላይ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጦስኙ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣሁት። ማታ ሳወርደው ገርጥቷል፣ በእጄ ባሸው ምንም አይሸትም። ጦስኝ የአገራችን ደጋ ልጅ ነው። የሚሸተን ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶቹ ናቸው፤ ጀርምን የሚዋጉትም እነሱ ናቸው። እነዚህ በሙቀት ይተናሉ። ሽታው ከሄደ ጉልበቱም ሄዷል ማለት ነው። ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት፣ በንጹሕ ሰሌን ወይም ነጠላ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ። ለሽፈራውም ያው ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲኑን ፀሐይ ትጎዳዋለች። በእጅ ሲጨበጥ ቅርሽሽ ብሎ ሲደቅ ደርቋል። በክረምት ግን አትድከሙ፣ ይሻግታል። እናቴ የዓመቱን የምታዘጋጀው ከጥቅምት በኋላ ነው።

በሙቀጫ መውቀጥ ይሻላል። ወፍጮ ቤት ካስፈጫችሁ የወፍጮው ብረት እየተላጠ ሊገባ ይችላል። ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ዱቄቱ ውስጥ አዙሩት። ጥቁር ጸጉር መሳይ ነገር ከያዘ እሱ ነው። ላብራቶሪ ለሌለው ሰው ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። አንድ ማንኪያ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። ከላይ ያለውን ቀስ ብላችሁ ድፉ፣ የዘቀጠውን በሁለት ጣት መካከል እሹት። የሚቆረቁር ከሆነ አሸዋ አለው። አትግዙት።

እዚህ ላይ ስለ ጤፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጤፍ በብረት ብዛቱ ይወደሳል፣ ከተለካው ብረት ውስጥ ግን ከፊሉ ከአውድማው አፈር የሚመጣ ነው። ያ ብረት ሲለካ ይቆጠራል፤ ሰውነታችን ግን ብዙም አይጠቀምበትም። የሽፈራውም እንዲሁ ነው። «ብረት አለው» ሲሏችሁ የቅጠሉ ነው የመንገዱ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ምድጃው ጋ ደርሰናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለቅጠል ይበቃል። ሥርና ልጣጭ ግን ቆላ ካለ ሰው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል አለበት። ጦስኝ፣ ኮሰረትና ዳማከሴ አይቀቀሉም። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዱት፣ ቅጠሉን ጨምሩ፣ ክደኑት፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑን ስታነሡ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ወደ ዕቃው መልሱት። የተነነው ዘይት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሽፈራውን ግን ሻይ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት። ማዕድን በሙቀት አይጠፋም፣ ግን ሁሉም ወደ ውሃው አይወጣም። ሻዩን ጠጥታችሁ ቅጠሉን ስትደፉ ብዙው ብረት አብሮ ይደፋል። እኛ ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሽሮው ሊወርድ ሲል እንነሰንሳለን። ሲበላ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፤ ቫይታሚን ሲ የቅጠልን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ብረቱን ያስሩታል። ስለዚህ ቡናው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። ከምሳ በኋላ ረከቦት ለሚቀርብበት ቤት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ካለ ግን ለእሱ ሲባል ይጠበቅ። ድስቱንም እዩ። ከውዳቂ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ ርካሽ የአልሙኒየም ድስት እርሳስ ሊለቅ ይችላል፣ ሎሚ ያለበት ሲቀቀልበት ደግሞ ይብሳል። ብረት ምጣድ ወይም አይዝጌ ብረት ይሻላል።

እንጉዳይን በተመለከተ አጭር ልሁን። እንጉዳይ የቆመበትን ነገር እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጥጠው። ሴሊኒየም፣ ዚንክና መዳብ ይሰበስባል፤ ካድሚየምና ሜርኩሪም ይሰበስባል። ኦይስተር እንጉዳይ ከሚያበቅል ሰው ስትገዙ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «በምን ላይ አበቀልከው?» በሉት። ንጹሕ የስንዴ ወይም የጤፍ ጭድ ከሆነ ግዙ። ከዚያ የሚያስደስት ነገር አለ። እንጉዳዩን ሰነጣጥቃችሁ፣ ቅጥልጥል ያለውን የታችኛውን ገጽ ወደ ላይ አዙራችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት። ውስጡ ያለው ኤርጎስቴሮል የሚባል ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ጦስኙን ከፀሐይ ስንሸሽግ እንጉዳዩን ለፀሐይ እንሰጣለን ማለት ነው። በክረምት ጫካ የሚፈላውን እንጉዳይ ግን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አትንኩ። በብር ማንኪያ መፈተን የሚባለው ውሸት ነው። ገዳይ የሆነው ዓይነት መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። ሕመሙም የሚጀምረው ከተበላ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወይም በማግሥቱ ስለሆነ ሰው ከሌላ ነገር ጋር ያምታታዋል።

አልጌ ላይ ደግሞ በጣም አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። አንድ ጎረቤታችን ስፒሩሊና ስለሚባለው የሚበላ አልጌ ጥቅም ሰምቶ፣ ሐይቁ ዳር የተንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር በጆግ ቀድቶ አምጥቶልን ያውቃል። «ይኸው በነፃ!» አለ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ስፒሩሊና የሚወደው ሶዳ የሚባለው ጨው የበዛበት ውሃ ነው። በአገራችን ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅና ሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው የጭቱ ሐይቅ ይታወቁበታል። በቻድ የካነምቡ ሴቶች እየለቀሙ፣ እያደረቁ ይሸጡታል። የጣና ውሃ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። እዚህ ዳር ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ መስሎ የሚንሳፈፈው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። እሱ ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዕለት ተዕለት መጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ከብትም ከዚያ ዳር አታጠጡ። ስፒሩሊና ከፈለጋችሁ የምርመራ ወረቀት ካለው ሻጭ ግዙ። ቫይታሚን ቢ12 ያስገኛል ብላችሁ ግን አትመኑበት፤ ያለው አብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው።

ለእናቴ ደንበኞች ሁልጊዜ የምንነግራቸው ጥንቃቄም አለ። ነፍሰ ጡር ጤና አዳምን በብዛት አትጠጣ፣ የሽፈራው ሥርና ልጣጭም አይነካ። ጤና አዳም የቀጠፈ ሰው እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ አይውጣ፤ ታናሽ ወንድሜ ክንዱ ላይ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ቋጥሮበት ያውቃል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽፈራው ስኳሩን ሊያወርድበት ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ደም ማቅጠኛ የሚወስድም እንደዚሁ። ቅጠል ጉልበት አለው። እንዶድን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ነገር እንዲህ ነው የታወቀው። ልብስ የሚያነጣው ፍሬ ያን ያህል ኃይል አለው።

የደረቀውን በጨለማ ጠርሙስ ወይም በወረቀት በተጠቀለለ ብርጭቆ ዕቃ አስቀምጡ፣ ምድጃ አጠገብ አይሁን። እናቴ አሁን እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ፕላስተር ትለጥፍና የተቀጠፈበትን ቀንና ቦታ በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ስድስት ወር ሲሞላው ከፍታ ታሸተዋለች። ሽታው ከደከመ አትሸጠውም፣ የሽፈራው ችግኞቿ ሥር ትበትነዋለች።