በጓዳ ማጽጃዎች ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ልብስ ማጠብ ማለት ከቀዩ ጭቃና ከማያባራው ዝናብ ጋር መታገል ማለት ነው። የደቡብ ምዕራቡ ዝናብ በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እየተያያዘ ስለሚዘልቅ፣ አንድ ጋቢ አጥቦ ለማድረቅ እንኳ ቀን መምረጥ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ቡናው አለ። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ጀበና በሚጣድበት ቤት የሲኒው ጠርዝም ሆነ የእንግዳው ሸሚዝ ከቡና እድፍ ነጻ ሆኖ አይውልም። ስለዚህም በየቤቱ ጓዳ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ጨው፣ ሶዳና አንድ ጠርሙስ በረኪና አይጠፋም።

እነዚህ ነገሮች ርካሽ ናቸው፤ ሥራቸውንም በሚገባ ይሠራሉ። ችግሩ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከማጽጃዎቹ ሳይሆን ከቅልቅሉ ነው፤ ለብቻው በደንብ የሚያጸዳው ነገር «ሁለት ሲሆን ይበረታል» ተብሎ ከሌላው ጋር ይደባለቅና ወይ ኃይሉን ያጣል፣ ወይ ይጎዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለሳፋና ለባልዲ አይሠራም።

በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር መቀላቀል

ሌሎቹ ስህተቶች ልብስ ወይም ዕቃ ያበላሻሉ፤ ይኼኛው ግን ሰው ስለሚጎዳ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። በረኪና፣ ስሙ ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» የመጣው ፈሳሽ፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ውህድ በውሃ ተበጥብጦ የሚገኝበት ነው። ሎሚ፣ አቼቶ ወይም ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠው አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነበር። ባልዲ ውስጥ የሚፈጠረው መጠን ከዚያ ጋር ባይወዳደርም፣ መስኮት በሌለው ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን ዓይን ለማቃጠል፣ ጉሮሮ ለማነቅና ሳንባ ለመጉዳት ይበቃል። አንዲት ጎረቤቴ የበረኪናውን ሽታ ለማሳመር ብላ በባልዲው ውስጥ ሁለት ሎሚ ጨምቃ፣ እያሳላትና እንባዋ እየወረደ በሩን በርግዳ የወጣችበትን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ያዳናት በሩ ቅርብ መሆኑ ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ልብ የማይለው የሽንት ነገር ነው። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ስለዚህ ሕፃን የሸናበት ጨርቅ ወይም አንሶላ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ሳይለቀለቅ በረኪና ውስጥ ሊዘፈዘፍ አይገባም። እንዲህ ያለ የሚያፍን ሽታ በተሰማ ጊዜ መደረግ ያለበት አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ ሥራውን መጨረስ አይደለም፤ ሁሉንም እንዳለ ትቶ መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልቆመም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

መጠኑም ራሱን የቻለ ስህተት አለበት። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈ፣ አንድ ሲኒ በረኪና በ9 ሲኒ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ለመጸዳጃ ቤትና በጣም ለተበከለ ቦታ በቂ ነው። ለተራ ወለልና ለጠረጴዛ ግን አንድ እጅ በ99 እጅ ውሃ፣ ማለትም 0.05 በመቶ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጠንከር እጅን ከመላጥና ጨርቅን ከመብላት በቀር ትርፍ የለውም። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ስለሚጨርስ፣ ቦታው አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ፣ በረኪናው 10 ደቂቃ ያህል እንዲቆይበት ይተዋል። በሙቅ ውሃ አይበጠበጥም፤ የተበጠበጠውም ለነገ አያድርም።

አቼቶንና ሶዳን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ

ሁለቱ ሲገናኙ የሚነሳው አረፋ ዓይን ይማርካል፤ ሰውም አረፋውን የማጽዳት ኃይል አድርጎ ይቆጥረዋል። እውነቱ ግን አሲድ የሆነው አቼቶና አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ሶዳ እርስ በርሳቸው ተዋግተው መድከማቸው ነው። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋው ሲሞት ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ጨው የሟሟበት ውሃ ሲሆን፣ ያም ከተራ ውሃ ብዙም የተሻለ አያጸዳም። በጠርሙስ ከድኖ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለቱም የሚጠቅሙት በተራ ነው። የምድጃ ቅባት በእርጥብ ሶዳ ታሽቶ ከታጠበ በኋላ፣ የቀረው የውሃ ነጭ ጭቅቅት በአቼቶ ሊወገድ ይችላል።

ቤኪንግ ፓውደርን እንደ ቤኪንግ ሶዳ መቁጠር

ሱቅ ሄዶ «ሶዳ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የኬኩን ቤኪንግ ፓውደር ይዞ ይመለሳል። ፓውደሩ ውስጥ ከሶዳው ጋር አሲድና ስታርች ስላለበት፣ ውሃ ሲነካው ራሱን በራሱ ይጨርሳል፤ ጨርቅ ላይም እንደ ሙቅ ያለ ነጭ ነገር ይተዋል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

እድፉን ሳያውቁ ማጠብ

በእኔ እምነት በየቤቱ ብዙ ልብስ የሚያበላሸው ይህ ነው። ጭቃውም፣ ደሙም፣ ወጡም፣ ቡናውም በአንድ ሙቅ ውሃና በአንድ ድፍን ሳሙና ይታሻል፤ ሳይለቅ ሲቀር በረኪና ይከተላል።

የአካባቢያችን አፈር ቀይ የሆነው ብረት ኦክሳይድ ስላለበት ነው፤ ቀለሙ የዝገት ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በረኪና ዝገትን አያነጣም፤ እንዲያውም እድፉን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። የተማሪ ነጭ ካልሲ ላይ በረኪና ሲደፉ ኖረው ካልሲው ብርቱካንማ እየሆነ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ነው። ትኩስ ጭቃ መታሸት የለበትም፤ እስኪደርቅ ተትቶ፣ በብሩሽ ተራግፎ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ ትልቁ ክፍል ይሄዳል። ነጭ ጥጥ ላይ የቀረውን ጥላ ሎሚና ጨው ቀብቶ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማቆየት ያደበዝዘዋል። ሎሚው በሚገባ ሳይለቀለቅ ግን በረኪና እንዳይከተለው ከላይ ያልነው እዚህም ይሠራል።

የአልጫ እድፍ የሚያስደነግጠው በሌላ መንገድ ነው። ቢጫው ላይ ሳሙና ሲያርፍ ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጥና ልብሱ የተበላሸ ይመስላል። ይህ የሚሆነው እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ቀለም አልካላይ ሲነካው መልኩን ስለሚቀይር ነው፤ ጥቂት ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ተደናግጦ እየደጋገሙ ማሸት ቅቤውን ከቀለሙ ጋር ወደ ክሩ ውስጥ ከመግፋት በቀር አይጠቅምም። መጀመሪያ ቅባቱን በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ ቀለሙን ለፀሐይ መተው ይሻላል፤ ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም፣ በአንድ ጥሩ ፀሐይ በእጅጉ ይደበዝዛል። ጅማ ላይ ፀሐይዋን ማግኘቱ ነው እንጂ።

ቡና የፈሰሰበት ልብስ በድፍን ሳሙና ባይጀመር ይመረጣል፤ ሳሙናው የቡናውን ቀለም ሊያጠነክረው ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ከጨርቁ ጀርባ በኩል ማፍሰስ፣ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኖ እድፉን በጨርቅ መነካካት፣ ከዚያ በኦሞ ማጠብ በቂ ነው። ደም፣ እንቁላልና ወተት ደግሞ ሙቅ ውሃ ሲነካቸው ፕሮቲናቸው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ስለሚረጋ፣ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ብቻ ይስማማቸዋል። ከሁሉም በላይ እድፉ ሳይለቅ ካውያ መተኮስ አይገባም።

ጥለት ያለውን ነጠላ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። የእናቴን የበዓል ነጠላ ላነጣላት ብዬ በረኪና በተበጠበጠበት ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ስመለስ ነጩ ነጥቶ ነበር፤ አረንጓዴውና ቀዩ ጥለት ግን ገርጥቶና ደብዝዞ ቀረ። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ ይከብድ ነበር። ጥለት ያለው ፈትል በቀዝቃዛ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ለብቻው ይታጠባል እንጂ አይዘፈዘፍም። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ የጥለቱን ጫፍ አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መጫን ነው። ሱፍና ሐር ደግሞ ከነአካቴው በረኪና ሊነካቸው አይገባም፤ ፋይበራቸው ፕሮቲን ስለሆነ በረኪናው ይፈታዋል።

ለሁሉም ዕቃ አንድ መድኃኒት መፈለግ

አልሙኒየም ድስት በአመድ ወይም በሶዳ ሲፈተግ ይጠቁራል፤ አልካላይ አይስማማውም። የጠቆረው ድስት ውስጥ ውሃና የሎሚ ቁራጭ አድርጎ ጥቂት ማፍላት መልሶ ያበራዋል። ሎሚና አቼቶ በበኩላቸው እብነ በረድንና የሲሚንቶ ወለልን ይበላሉ። ጀበና ሸክላ ስለሆነ ያጠጡትን ሁሉ ይጠጣል፤ ውስጡ ኦሞ ወይም በረኪና የገባበት ጀበና ለብዙ ቀን ያንኑ ስለሚያፈላ፣ ሙቅ ውሃና ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ብቻ ይበቁታል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው የጅማ በርጩማ ደግሞ በውሃ ተነክሮ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ዘይት ይቀባ።

የዘይት እድፍ በቤንዚን ወይም በላምባ የሚያስለቅቁም አሉ። ከሰል በተያያዘበት ግቢ ውስጥ ይህን ማድረግ ቤት ማቃጠል ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

«የተፈጥሮ ነው» ብሎ መዘናጋት

እንዶድ ከኦሞ በፊት የአገራችን ሳሙና ነበር፤ አሁንም ነጭ ፈትልን ሳይጎዳ በማጠብ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች መግደሉ በጎ ነው፤ ያው ኃይል ግን ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ አዌቱ ወንዝም ሆነ ሌላ ጅረት ውስጥ መደፋት የለበትም። ሲወቀጥም ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ስለሚያቃጥል፣ ፊትን አዙሮና ልጆችን አርቆ መውቀጥ ያስፈልጋል።

በውሃ ፕላስቲክ ማስቀመጥ

የተበጠበጠ በረኪና በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ከመጠጥ ውሃው ጎን ሲቀመጥ ስንት ቤት አይቻለሁ። የተጠማ ልጅ ልዩነቱን የሚያውቀው ከጠጣ በኋላ ነው። በረኪና በራሱ ጠርሙስ፣ ከፍ ባለና ጨለማ በሆነ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃንና ሙቀት ያደክሙታልና። አንድ ሰው ጠጥቶት ከሆነ እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ፣ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ኦሞ ማብዛትና እርጥብ ልብስ ማጠፍ

ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ የሚሸተው ሳሙና ስላነሰው ይመስለንና ኦሞውን እንጨምራለን። ያልለቀቀ ኦሞ ክሩ ውስጥ ተጣብቆ ቆሻሻ ይይዛል፤ ሽታውን የሚያመጡት ግን ልብሱ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ኦሞውን መቀነስ፣ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ሲኒ አቼቶ ጠብ ማድረግ ሽታውን ይቆርጠዋል። አቼቶው የሚገባው ግን በረኪና ላልነካው ልብስ ብቻ ነው። ዝናቡ ባላቆመ ጊዜ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አያይዞ ልብስ ማድረቅ የከሰል ጭስ መርዝ መጋበዝ ስለሆነ፣ በረንዳ ላይ ገመድ ወጥሮ፣ በልብስና በልብስ መካከል የአንድ ክንድ ክፍተት ትቶ ነፋሱን መጠበቅ ይሻላል። ጋቢ ሳይታጠፍ በፊት መሐሉ ይዳሰስ፤ እጅ ላይ ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም፣ ወደ ገመዱ ይመለስ።