ፕሮጄስትሮንና ቴስቶስትሮን፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና ወደ መፍትሄው

ፕሮጄስትሮን በሴት እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚበዛ ሆርሞን ነው፤ ቴስቶስትሮን ደግሞ በወንድ የሚበዛ፣ በሴትም በጥቂቱ የሚገኝ ሆርሞን ነው። ሰውነት ቴስቶስትሮንን ከኮሌስትሮል ሲሠራ ፕሮጄስትሮን ከመሸጋገሪያዎቹ አንዱ በመሆኑ፣ ብዙዎች የአንዱ መጨመር ሌላውን ያስጨምራል ብለው ያምናሉ። በተግባር የሚታየው ግን ባብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ፕሮጄስትሮን ከአንጎል የሚወርደውን ትእዛዝ በማዘግየት የቴስቶስትሮንን ምርት ይገታል። ስለዚህ ችግሩ ሲመረመር በቅድሚያ የሚጠየቀው፣ ፕሮጄስትሮኑ የገዛ ሰውነት ነው ወይስ የመድኃኒት የሚለው ነው።

ችግር፦ የወር አበባ ይዘላል፣ በአገጭና በላይኛው ከንፈር ላይ ወፍራም ፀጉር ይበቅላል

መንስኤ፦ በጤናማ ዑደት እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን ሆርሞኖችን ወደሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ወደ ሃይፖታላመስ ደርሶ፣ ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን የሚለቅበትን ፍጥነት ያረግባል። እንቁላል በማይወጣበት ጊዜ ይህ ልጓም ስለሚጠፋ ኤልኤች ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል፤ እንቁልጢም ቴስቶስትሮንን አብዝቶ ያመርታል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (የእንቁላል መውጣት የሚታወክበትና ቴስቶስትሮን የሚበዛበት የሆርሞን ችግር) ባለባቸው ሴቶች ላይ የኢንሱሊን መብዛት ሲጨመር፣ ጉበት ቴስቶስትሮንን በደም ውስጥ ይዞ የሚጓዘውን ፕሮቲን ይቀንሳልና ነፃው ቴስቶስትሮን ከፍ ይላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ የበዛው ቴስቶስትሮን በተራው ሃይፖታላመስ ፕሮጄስትሮንን እንዳይሰማ ማድረጉ ነው፤ ፕሮጄስትሮን ብቻውን መስጠት ፀጉሩን የማይቀንሰውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄ፦ ፕሮጄስትሮን የሚለካው ቀጣዩ የወር አበባ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት 7 ቀን ገደማ አስቀድሞ ነው፤ ውጤቱ በሚሊሊትር ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። «በ21ኛው ቀን» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ ለ28 ቀን ዑደት የተሰላ ስለሆነ፣ ዑደቷ 40 ቀን የሆነች ሴት በዚያ ቀን ብትመረመር ውጤቱ ያሳስታታል። ከዚሁ ጋር ጠቅላላ ቴስቶስትሮን፣ የታይሮይድ ምርመራና ፕሮላክቲን (ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን) ይታያሉ፤ በዑደቱ መጀመሪያ ቀናት በጠዋት የሚለካው 17-ሃይድሮክሲ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ የኢንዛይም ጉድለት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ለመለየት ይረዳል። መውለድ ለጊዜው ለማትፈልግ ሴት ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ይመረጣል፤ ሆኖም የደም መርጋት ታሪክ ወይም የደም ግፊት ላለባት፣ እንዲሁም ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ አይሰጥም። መፀነስ ለምትፈልገው ሌትሮዞል የተባለው መድኃኒት እንቁላል እንዲወጣ ያግዛል። የፀጉሩ ለውጥ የሚታየው ከ6 ወር ገደማ በኋላ ስለሆነ እስከዚያው መላጨት ይቻላል፤ መላጨት ፀጉርን ያወፍራል የሚባለው እውነት አይደለም። ነገር ግን ድምፅ በጥቂት ወራት ውስጥ ከጎረነነ ወይም ቴስቶስትሮን በዴሲሊትር ከ200 ናኖግራም ካለፈ፣ ቴስቶስትሮን የሚያመነጭ እባጭ (ቱመር) ሊኖር ስለሚችል ሳይዘገዩ ለምስል ምርመራ መቅረብ ያስፈልጋል።

ችግር፦ የወሊድ መከላከያ ከተጀመረ በኋላ ብጉር ወጣ

መንስኤና መፍትሄ፦ በመድኃኒቶቹ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ፕሮጄስቲን እንጂ ራሱ ፕሮጄስትሮን አይደለም፤ ጠባያቸውም ይለያያል። በአንዳንድ በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበሩ መከላከያዎችና በእንክብሎች ውስጥ የሚገኘው ሌቮኖርጀስትረል መጠነኛ የቴስቶስትሮን ጠባይ ስላለው ብጉር ሊያባብስ ይችላል፤ ድሮስፒረኖን የተባለው ሌላ ፕሮጄስቲን ግን የቴስቶስትሮንን ሥራ ይቃወማል። ስለዚህ ምትክ ሳይያዝ የተቀበረውን ከማስወጣት ይልቅ ስለ መለወጥ ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይሻላል።

ችግር፦ ውጤቱ ከፍ ብሏል፣ ምልክት ግን የለም

ፀጉሯ ስለረገፈ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን የምትወስድ ሴት በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ስትመረመር፣ ቴስቶስትሮኗም ፕሮጄስትሮኗም በሐሰት ከፍ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ባዮቲኑን ቢያንስ ለ2 ቀን አቋርጦ ምርመራውን መድገም ይበቃል።

ችግር፦ የወንድ የወሲብ ፍላጎት ቀነሰ

መንስኤ፦ ለምግብ ፍላጎት የሚታዘዘው ሜጀስትሮል ከፕሮጄስቲኖች ወገን ስለሆነ ኤልኤችን ይገታል፤ የዘር ፍሬም ቴስቶስትሮን ማምረቱን ይቀንሳል። ቴስቶስትሮንን ይጨምራል ተብሎ ለወንዶች የሚሸጥ የፕሮጄስትሮን ቅባት ገንዘብ የሚያስወጣ ካልሆነ በቀር ፋይዳ የለውም።

መፍትሄ፦ ቴስቶስትሮን በሁለት የተለያዩ ቀናት በጠዋት ይለካ፤ ሁለቱም በዴሲሊትር ከ300 ናኖግራም በታች ከሆኑ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ጥቅምና ጉዳት ይመዝናል። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ሜጀስትሮል የአድሬናል ዕጢን ሥራ ስለሚያዳክም፣ ታማሚው በራሱ ፈቃድ በድንገት ሊያቆመው አይገባም።