ጃሲዱ ውስጥ ተገኘ ማለት ጃሲዱ ያስተላልፋል ማለት አይደለም

ከሆለታ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ ዳርቻ የመጣ ናሙና ላብራቶሪ ውስጥ «አልሠራ አለ» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። የሚከተለው ፋይቶፕላዝማንና ስፓይሮፕላዝማን ማጥናት ለጀመሩ ነው። ሁለቱም የሕዋስ ግድግዳ የሌላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የተክሉን ምግብ በሚያመላልሰው ቧንቧ (ፍሎየም) ውስጥም፣ ያንን ፈሳሽ በሚመጥጡ እንደ ጃሲድ ባሉ ነፍሳት ገላ ውስጥም ይኖራሉ።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ፋይቶፕላዝማ አይደለም። ውርጭ የመታው፣ ናይትሮጂን ያጠረው፣ ጎረቤት ስንዴው ላይ ቱፎርዲ (የአረም መድኃኒት) ሲረጭ ንፋስ ያመጣበት ባቄላ፣ ሁሉም መልኩ ይቀየራል። የሚያጠራጥረው አበባው ወደ አረንጓዴ ቅጠል ሲለወጥ፣ ቡቃያው እንደ መጥረጊያ ተጠጋግቶ ሲበዛ፣ ቅጠሉ ሲያንስ ነው። ለወተት ላም የሚተከለው ዝሆኔ ሳር ላይ ከሆነ ደግሞ ገና ያልታጨደውን እያዩ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው ከታጨደ በኋላ በሚያቆጠቁጠው ላይ ነው፤ ቢጫ፣ ድንክና ቀጭን ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነቱ አገዳ ቆርጦ ለጎረቤት ለዘር መስጠት በሽታውን ማካፈል ነው።

ቅጠሉን ከጠርዙ ቆርጦ ማምጣትስ? ፋይቶፕላዝማ ያለው ፍሎየም ውስጥ ስለሆነ የሚፈለገው መሃለኛው ጅማትና ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ከዚያ ከ0.1 እስከ 0.5 ግራም ይበቃል። ባክቴሪያው በተክሉ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ከሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ውሰዱ። ከዚያው ማሳ ጤነኛ የሚመስል ተክልም አብሮ ይምጣ፤ ያለ እሱ ውጤቱን ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

በፌስታል ቋጥሮ በሚኒባስ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ቅጠሉን መቀቀል ነው። በወረቀት ጠቅልላችሁ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ ካልሆነ ሲሊካ ጄል ላይ አድርቁት። ለነፍሳቱ ደግሞ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ለእጅ ነው እንጂ ለዲኤንኤ አይሆንም። ዲኤንኤው እንዲቆይ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ኢታኖል ያስፈልጋል፣ እሱም በቅዝቃዜ። ከተማ ዳር ላብ ያላችሁ ደግሞ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ናሙና እየቀለጠ እንደገና እንደሚበርድ አትርሱ፤ የወጣውን ዲኤንኤ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

ጤዛ ሳይረግፍ መረብ ማወዛወዝ ደግሞ ትርፉ ጭቃና የተጣበቀ ክንፍ ነው። ጃሲዶች (ቅጠል ላይ የሚዘልሉት ትናንሾቹ መጣጮች) ዝርያቸው ብዙ ጊዜ የሚለየው በወንዱ የመራቢያ አካል ስለሆነ፣ የተያዘውን ሁሉ ፈጭቶ መጨረስ ትልቅ ጥፋት ነው። የተወሰኑ ወንዶች ሳይፈጩ ይቀመጡ። ያለዚያ ባክቴሪያው ታውቆ ተሸካሚው ሳይታወቅ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው። ከታመመ ማሳ 20 ጃሲድ ይያዛል፣ ይፈጫል፣ ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አባዝቶ የሚፈልግ ምርመራ) ይሠራል። ሦስቱ ባንድ (ዲኤንኤው መገኘቱን የሚያሳይ መስመር) ያሳያሉ፤ ሪፖርቱ ላይ «አስተላላፊው ተለየ» ተብሎ ይጻፋል። አልተለየም! የታመመ ተክል ሲመጥጥ የዋለ ነፍሳት ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያው ባይገኝ ነበር የሚገርመው። ፋይቶፕላዝማ ለመተላለፍ የአንጀቱን ግድግዳ ማለፍ፣ በነፍሳቱ ደም ውስጥ መባዛት፣ ከዚያም ወደ ምራቅ ዕጢው መግባት አለበት። ከአየር ጤና የተሳፈረ ሁሉ ሰበታ አይደርስም፤ ዓለም ገና ላይ የሚወርድም አለ። በአንዳንድ ዝርያዎች ውስጥ ባክቴሪያው አንጀት ላይ ተገድቦ ይቀራል፣ በሌሎች ደግሞ ደም ውስጥ ገብቶም ምራቅ ዕጢው አያስገባውም። ፒሲአሩ ግን ለሁሉም እኩል «አዎ» ይላል። ክሽክሽም ፍሎየም ይመጥጣል፤ የፋይቶፕላዝማ አስተላላፊ ተብሎ ግን አይታወቅም።

«አስተላላፊ» ለማለት ይህን መሥራት የግድ ነው። በመጀመሪያ ጤነኛ ተክል ላይ ከዕንቁላል የተፈለፈሉ ንጹህ ጃሲዶች ይዘጋጃሉ፤ ባክቴሪያው በዕንቁላል በኩል መተላለፉ ጥቂት ቦታ ብቻ የታየ ነገር ስለሆነ እነዚህ ይታመናሉ። ሁለት ሦስት ቀን የታመመ ተክል ላይ ይመጥጣሉ። ከዚያ ወደ ጤነኛ ተክል ተዛውረው ሦስት አራት ሳምንት ይቆያሉ፤ ባክቴሪያው ምራቅ ላይ የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን ሞክሮ «አያስተላልፍም» ማለት የተለመደ ችኮላ ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ቅዝቃዜ ይህን ጊዜ ያረዝመዋል። ቀጥሎ ለአንድ ችግኝ ከ5 እስከ 10 ጃሲድ፣ በጥቅጥቅ መረብ ሳጥን ውስጥ፣ ለጥቂት ቀናት። ጃሲዶቹ ይወገዱና ችግኞቹ ሁለት ሦስት ወር ይጠበቃሉ፤ በመጨረሻ ፒሲአር የሚሠራው በችግኞቹ ላይ ነው። ከጎናቸው የታመመ ተክል ያልቀመሱ ጃሲዶች የተለቀቁባቸው ችግኞች ይኑሩ። እነዚያም ከታመሙ መረቡ ቀዳዳ አለው። ጊዜ ለሌለው ጃሲዱን በቀጭን ስስ ፕላስቲክ በኩል 5 በመቶ ስኳር ውሃ አስመጥጦ ውሃውን መመርመር ይቻላል፤ ባክቴሪያው በምራቅ መውጣቱን ያሳያል። ተክል መታመሙን ግን አያሳይም።

ላብ ውስጥ ትልቁ ጠላት ብክለት ነው። ዲኤንኤ ለማውጣት ሲታብ (ሕዋስን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል) 2 በመቶ፣ 65 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 24 ለ1 ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል፦ ይህን ሁሉም ያውቃል። በጣም የሚጠቁር ቅጠል ከሆነ ፒቪፒ (ፖሊፊኖልን የሚይዝ ዱቄት) ይጨመርበት፤ ካልሆነ ፖሊፊኖሉ ፒሲአሩን ያፍነዋል። ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት ዙሩ ፒሲአር ላይ ነው። በፒ1 እና ፒ7 ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል የሚወስኑ አጫጭር ዲኤንኤዎች) የወጣው የ1,800 ቤዝ ገደማ ውጤት ተበርዞ (ለምሳሌ 1 ለ30) ለሁለተኛው ዙር በአር16ኤፍ2ኤን እና አር16አር2 ይገባል፤ 1,250 ገደማ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ዙር ቲዩብ ክዳን አዲስ ቅልቅል በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ከከፈታችሁት ከዚያ በኋላ ናሙና የሌለበት ማነጻጸሪያ ውሃውም «ታማሚ» ነው። የመጀመሪያው ዙር ውሃ ወደ ሁለተኛውም ይሻገር፤ ሁለተኛው ደግሞ የራሱ አዲስ ውሃ ይኑረው።

ባንዱ በትክክለኛው ቁመት ወጣ ብላችሁም አትተኙ። እነዚህ ፕራይመሮች ባሲለስንና ሌሎችንም ያወጣሉ፤ ሲኩዌንስ ሳይደረግ (የዲኤንኤው ፊደላት ቅደም ተከተል ሳይነበብ) ስም የለም። ለሁሉም ባክቴሪያ የሚሆኑ ፕራይመሮችን ክሽክሽ ላይ ተጠቅሞ «አዲስ ባክቴሪያ አገኘሁ» የሚል አይጠፋም፤ ያገኘው ቡክኔራን ነው። በክሽክሹ ልዩ ሕዋሳት ውስጥ እየኖረ አሚኖ አሲድ የሚሠራለት ጥንታዊ አጋሩ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ነው።

በግራም ቀለም (ባክቴሪያን በግድግዳው በሚለየው ማቅለሚያ) ሮዝ ሆነ ተብሎ ከኢ. ኮላይ ወገን፣ ከግራም ኔጋቲቮቹ፣ መመደብም አለ። ግድግዳ የሌለው ቀለሙን የት ይያዘው? የፋይቶፕላዝማና የስፓይሮፕላዝማ ዘር ግድግዳቸውን ከጣሉ የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ነው። ፔኒሲሊን የማይነካቸው ለዚሁ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ግን ምልክቱን ያስታግሳል፣ ሲቆም ምልክቱ ይመለሳል። በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፌያለሁና ንጹህ ነው የሚለውም እንደዚሁ፤ ስፓይሮፕላዝማ ተጣጥፎ ያልፋል።

ስም ላይ ደግሞ፣ ስፓይሮፕላዝማ ሲትሪ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ስለበቀለ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ሙሉ ስም ተሰጠው። ፋይቶፕላዝማ በተለመደው መንገድ ለብቻው ስለማይበቅል «ካንዲዳቱስ» የሚል ቅድመ ስም ይዞ ይሄዳል፤ በሰያፍ የሚጻፈውም ይህ ቃል ብቻ ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ አዲስ ዝርያ ለማለት የ16ኤስ (ባክቴሪያ የሚለይበት ጂን) ተመሳሳይነት ከ97.5 በመቶ በታች ነበር። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወደ 98.65 ከፍ ብሏል። የቀድሞውን ይዞ የሚሟገት አሁንም አለ።

ቡድኑንም (ፋይቶፕላዝማ በ16ኤስ ጂኑ የሚመደብበትን) ከጎረቤት አገር ጽሑፍ አትገልብጡ። ድንክ ዝሆኔ ሳር ኬንያ ውስጥ የተገኘበት ፋይቶፕላዝማ ከ16ኤስአር-11 ቡድን ነው፤ ከኢትዮጵያ የተዘገበው ደግሞ ከ16ኤስአር-3። ሳሩ አንድ፣ ምልክቱ አንድ፣ ባክቴሪያው ሌላ።

የስም ነገር ከተነሳ፣ ሌላ ባክቴሪያ የሚያመጣውን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጽሑፍ ስትፈልጉም በአንድ የባክቴሪያ ስም አትወሰኑ። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ሲገለጽ ዛንቶሞናስ ሙሳሴያረም ነበር፣ ቀጥሎ በዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሥር ገባ፣ አሁን በዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ሥር ነው። ሦስቱንም ካላስገባችሁ የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ሥራ አይወጣላችሁም።