ባለ ሌቨር .22 ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ብሎኗን እዩ

አቦ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ይቺን ልበላችሁ። ካናዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ድሬ መጥቶ፣ ከዚራ ጥላ ስር ቡና ይዘን "ሌቨር አክሽን ሪምፋየር ልገዛ ነው፣ የትኛው ያምራል?" አለኝ። (ሌቨር አክሽን ማለት ከቃታው ስር ያለውን እጀታ ወደ ታች ስበህ መልሰህ ጥይት የምታጎርስበት ጠመንጃ ነው፤ ሪምፋየር ደግሞ እንደ .22 ያለ፣ መምቻው የቂጡን ጠርዝ ሲመታው የሚተኮስ ጥይት ነው።) ውበቱን ተወውና አወላወሉን ጠይቅ አልኩት።

የ.22 ጥይት ጠመንጃ ቶሎ ያቆሽሻል። ማርሊን 39ኤ ጎኑ ላይ አንዲት ትልቅ ብሎን አለችው። በሳንቲም ትፈታታለህ፣ ጠመንጃው ለሁለት ይከፈላል፣ መወልወያ ዘንጉን ከኋላ ትሰዳለህ። ዊንቸስተር 9422ም በአንድ ብሎን ነው የሚለያየው። ሄንሪ ኤች001 ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፈሙዙ በኩል ነው የሚወለወለው። ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀው ኢላማው ይበላሻል፤ ስለዚህ ቀስ።

(እዚህ ላለነው ወሬ ብቻ ነው። በአዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው።)

ሌቨሩን ሱቁ ውስጥ አስፈቅደህ ሞክረው። የብራውኒንግ ቢኤል-22 ሌቨር 33 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ክንድህን ብዙም አታንቀሳቅስም። ባዶውን ግን ቃታ አትሳብ። ሪምፋየር ላይ መምቻው የጥይት ቤቱን ጠርዝ ሊጎዳ ይችላል፤ ሻጩም ፊቱን ያጠቁርብሃል።