ለልጆች ግቢ የሚሆን ሳር እንዴት ይመረጣል?

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የማያምር ሳር የለም። የተጣለው ሁሉ ይበቅላል፣ ሻጩም ገበያው የሚደራለት ያኔ ነው። እናንተ ግን መምረጥ ያለባችሁ ጥርን የሚሻገረውን ነው።

1. መጀመሪያ ጥላውን ለኩ

አብዛኛው ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሻጩ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አናታችን ላይ የምትውል ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ሰኔ ላይ በቀትር ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ በደንብ ታጋድላለች። ከግቢያችሁ በስተደቡብ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ቢኖር፣ ሰኔ ላይ በቀትር ምንም አያጠላባችሁም፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግን በዚያው ሰዓት ከ6 ሜትር በላይ ጥላ ይጥልባችኋል። መሀል ከተማ ውስጥ በየአጥሩ ጥግ ፎቅ በሚነሳበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ከሆናችሁ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የጥላውን ጠርዝ በኖራ አስምሩ። ሦስቱንም ጊዜ ፀሐይ ያገኘው መሬት የፈለጋችሁትን ሳር ይችላል። አንዴ ብቻ ያገኘው ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። እስከ ታኅሣሥ መቆየት ካልቻላችሁ በስተደቡብ ያለውን ሕንፃ ቁመት በ0.6 አባዙት፤ የቀትሩን ጥላ ርዝመት ለግምት ያህል ይሰጣችኋል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ዘመዴ ከደቡቡ አጥር ሥር በየክረምቱ አዲስ ሳር ያስነጥፋል። በየዓመቱም ጥር ሳያልቅ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ሻጩ ቋሚ ደንበኛ አግኝቷል።

2. ኪኩዩ ወይስ ሰርዶ?

ለአገራችን ደጋ ሁለቱም እንግዳ አይደሉም። ኪኩዩ ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ቢሆንም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ የእኛም ጭምር፣ የተፈጥሮ ሳር ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጠጉራምና ፈካ ያለ አረንጓዴ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጡበታል፣ ኳስ የገሸለጠውንም ቶሎ ይሸፍናል። በጋ ላይ ግን ውሃ ይፈልጋል፤ በሳምንት በካሬ 25 ሊትር ያህል ብላችሁ አስቡ። 40 ካሬ ሳር አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ጨረሰ ማለት ነው።

ሰርዶ ቀጭንና ሻከር ያለ ነው፣ መልኩም ወደ አመድማ ያደላል። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቅን ይችላል፤ በጋ ላይ ቢደርቅ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ምኞቷ ያልሰመረው ለዚህ ይሆናል። ጥላ ላይ ግን ከኪኩዩም የባሰ ሰነፍ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትና ሮቶ የሌለው ቤት ሰርዶ ይትከል፤ ውሃም ኳስ ተጫዋች ልጅም ያለው ኪኩዩ። ከውጭ በእሽግ የሚመጣውን የቀዝቃዛ አገር ዘር ፎቶው አያታላችሁ፤ በጋውን ሙሉ አጠጡኝ ይላል።

3. ሳሩን ሳትከፍሉ ፈትሹ

በካሬ ተቆርጦ የመጣውን ገልብጡና ሥሩን እዩ፤ ነጭና ጠንካራ ይሁን። ከዚያ ከመሀሉ ለየት ብሎ የቆመ አገዳ ካያችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አንከባሉት። ሦስት ጠርዝ ከተሰማችሁ የእንግጫ ዘመድ ነው። ከመሬት በታች ፍሬ እየቋጠረ ይስፋፋል፣ ቢነቅሉትም ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ቁራጭ መልሱት።

4. መሬቱና ተከላው

ድንጋይና የግንባታ ፍርስራሽ ልቀሙ፣ በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ፣ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ አድርጋችሁ ደልድሉ። ዋልካ አፈር ከሆነ እርጥብ ሳለ አትርገጡት፣ ይጠነክራል።

ተነቅሎ በማዳበሪያ የሚመጣው ከተነጠፈው ይረክሳል፣ ሰኔ ላይ ከተተከለም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሁለት ሦስት አንጓ ያለውን ግንድ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ቅበሩና ጫፉን ውጭ ተዉት። ሁለቱም ሳሮች መሬት ለመሬት ስለሚሳቡ ከጎመን መደባችሁ ጋር አታጎራብቷቸው፣ ወይም በመሀል ድንጋይ ቅበሩ።

5. አጨዳ

ኪኩዩን በክረምት በየሳምንቱ ማጨድ ግድ ነው። ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ። ከተውት እንደ ፍራሽ ይወፍርና ሲታጨድ ከሥር ቡናማው ይወጣል። ማጭድም ይበቃል፣ ለ20 ካሬ ማሽን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

ኖራው ጥላ ብሎ ያስቀረው ቦታስ? ጠጠር አልብሱት ወይም ድንጋይ አንጥፉበትና የልጆቹን ብስክሌት አቁሙበት።